ደርባባዋ የኋሊት ስትወጣ

ቤንዚን፣ የልብስ ሳሙናና ውርጭ ያደረበት ብርድ ልብስ አንድ ላይ ሲሆኑ ምን ዓይነት ሽታ እንደሚሰጡ የሚያውቅ ሰው ብዙ አይመስለኝም። የእኔ ልጅነት የሚሸተው እንደዚያ ነው። ባለፈው እሑድ ማለዳ ደብረ ብርሃን እናቴ ግቢ ገብቼ ብርድ ልብሱን ከመኪናችን ላይ ስገፍ ያ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ጸጉሬ መሸበቱን፣ ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ማጉረምረሙን ሁሉ ረስቼ እንደ ልጅ ፈዝዤ ቆምኩ።

መኪናችን ሰይቼንቶ ናት። ለእኔ ዘመን ሰዎች እሷን ማስተዋወቅ አያስፈልግም፤ አዲስ አበባ ውስጥ በሰማያዊና ነጭ ታክሲነቷ ያላሳፈረችው ማን አለ? ለታናናሾቻችን ግን ልንገራቸው። ትንሽ፣ ክብ፣ ሞተሯ ከኋላ ዕቃ መጫኛዋ ከፊት የሆነ፣ በሮቿም ከሌሎች መኪኖች ተቃራኒ በፊት በኩል የሚከፈቱ የጣሊያን መኪና ናት። ሞተሯ እንዳይግል የኋላ ክዳኗ በእንጨት ተደግፎ ገርበብ ብሎ ይሄዳል። የማያውቃት ሰው ያያት እንደሆነ መዝጋት የተረሳ ይመስለዋል።

አባቴ ጌታሁን ጉለሌ ተወልዶ ያደገ፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሊሠራ ደብረ ብርሃን መጥቶ እዚያው ትዳር የያዘ ሰው ነበር። ሰይቼንቶዋን ከአንድ ጡረታ ከወጣ ባለታክሲ ገዝቶ ያመጣት እኔ ገና ዳዴ ስል ነው። ጠዋት ከአዲስ አበባ አብሮት የተነሳው አውቶቡስ ደብረ ብርሃን ደርሶ፣ ሌላ ተሳፋሪ ጭኖ ሲመለስ አባዬን ሸኖ ላይ ሞተር ሲያበርድ አገኘው እየተባለ በፋብሪካው ለዓመታት ተስቆበታል። እሱ ግን ግድ አልሰጠውም። “ደርባባ ሴት አትሮጥም” አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ ደርባባዋ ሆኖ ቀረ።

እማዬ በስሟ ጠርታት አታውቅም። ለእሷ “ያ ቆርቆሮ” ነበረች። እውነቱን ለመናገር አይፈረድባትም። በኅዳርና በታኅሣሥ የደብረ ብርሃን ውርጭ ውሃን ባልዲ ውስጥ በረዶ ያደርጋል፤ ስለዚህ አባዬ በየምሽቱ የራዲያተሩን ውሃ እያፈሰሰ፣ ማለዳ ደግሞ የሞቀ ውሃ ይሞላላት ነበር። ከሁሉ የባሰው ብርድ ልብሱ ነው። ከፋብሪካው እንከን ተገኝቶበት ለሠራተኛ የተሰጠ ቡናማ ብርድ ልብስ ነበረን፤ አባዬ ማንንም ሳያማክር ለመኪናዋ አለበሳት። “ልጆቼ በአንድ ብርድ ልብስ ሲጓተቱ ያድራሉ፣ ያ ቆርቆሮ ብቻውን ተከናንቦ ይተኛል! ለልጆቼ ሻይ ሳይፈላ ለእሱ ውሃ ይፈላል!” ትላለች እማዬ፣ ጎረቤት እንዲሰማላት ድምጿን ከፍ አድርጋ። አባዬ ጨርቁን አጥቦ መጥረጉን ይቀጥላል።

እኔና ወንድሞቼ ግን የአባዬ ወገን ነበርን። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ውስጧ ገብተን እንጫወታለን። ታላቅ ወንድሜ ሹፌር፣ ታናሹ ተሳፋሪ፣ እኔ ረዳት። አንገቴን በመስኮት አውጥቼ “ጣርማበር፣ ደብረ ሲና! አንድ ሰው፣ የሞላ!” እያልኩ ስጮህ ድምፄ ይዘጋ ነበር። ከግቢያችን ሳንንቀሳቀስ ስንት ጊዜ ደብረ ሲና ወርደን ቆሎ ገዝተን እንደተመለስን እኔ ነኝ የማውቀው። አባዬ የቤንዚን ጋኗ ሲያንጠባጥብ የሚደፍንበትን ቁራጭ ሳሙና ከመሪው ሥር ባለው መደርደሪያ ያስቀምጥ ስለነበር ጨዋታችን ሁሉ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። የሞተሯ ክዳን የተከፈተ እንደሆነ ደግሞ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ጭንቅላቱን ያስገባል። ስለ መኪና የሚያውቅም የማያውቅም ምክር ይሰጣል። አባዬ ሁሉንም በትዕግሥት ይሰማና የራሱን ያደርጋል። እንደዚያ ሰዓት ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ነገሩ የከረረው እኔ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ብርድ ልብስ ሊጭን ወደ ፋብሪካው የሚመላለስ አንድ የደብረ ሲና ነጋዴ አንድ ቀን ቤታችን መጣ። መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አየና “ሞተሯን ለመለዋወጫ እሸጠዋለሁ፤ ገላዋ ደግሞ ጥሩ የዶሮ ቤት ይወጣዋል” አለ። የዶሮ ቤት! እኔ እንባዬ መጣ። እማዬ ግን ፊቷ በራ። “ውሰዳት በለው! ይኸው ፈላጊ ተገኘላት” አለች። አባዬ እያጠበ የነበረውን ጨርቅ ጣለ። ሲቆጣ እንኳ ድምፁ ከፍ የማይል ሰው ነው።

“እቴነሽ፣ ስሚኝ” አላት። “በጥር የሽመልስን ሙሽራ ከአንኮበር የማመጣው በደርባባ ነው። ሙሽራዋን ይዛ ያንን አቀበት ካልወጣች፣ ቁልፉን በገዛ እጄ ለዚህ ሰው እሰጠዋለሁ።”

“ሰማችሁ ልጆች? በኋላ አላልኩም እንዳይል” አለች እማዬ። ነጋዴውም ከሠርጉ በኋላ እመጣለሁ ብሎ ሄደ።

ሽመልስ የእማዬ ታናሽ ወንድም ነው። ጋሼ ሽመልስ ነበር የምንለው፤ ልጅ ሳለ ከሰላ ድንጋይ መጣ፣ ያኔ ደግሞ ደብረ ብርሃን ያስተምር ነበር። እኛው ቤት ስላደገ አባዬን እንደ አባቱ ያያል። በሰይቼንቶ ሙሽራ ታመጣለህ ሲባል ፊቱ ቅጭም አለ፤ ግን አባዬን እንቢ ማለት አልሆነለትም። እኔ ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ የምጸልየው ስለ ሠርጉ ማማር አልነበረም። ደርባባዋ ዶሮ እንዳይገባባት ነበር የምለምነው።

የሠርጉ ዕለት ደርባባዋ ሪባን ታስሮላት፣ በሁለቱም መብራቶቿ ላይ አበባ ተሰክቶላት፣ እንደ ተሞሸረች ሴት አብረቅርቃ ወጣች። እኔ ቀለበት ያዥ ስለሆንኩ ከፊት፣ በአንደኛው ሚዜ ጭን ላይ ተቀመጥኩ። ሚዜው ወፍራም ነበር። አጃቢው በአውቶቡስ ተሳፍሮ እየጨፈረ ቀደመን። ሜዳው ላይ ገብስና ስንዴው ታጭዶ ክምሩ ተከምሮ፣ ብርዱ ጆሮ ይቆርጥ ነበር። አንኮበር ስንደርስ የአውቶቡሱ ሹፌር ወደ ሙሽራዋ ቤት የሚወርደውን ፒስታ መንገድ አየና “እኔ እዚህ ቁልቁለት ውስጥ አልገባም” ብሎ አፋፉ ላይ ቆመ። አጃቢው በእግሩ ወረደ። እኛ በደርባባዋ ወረድን። ቁልቁለትማ ማን ያቅተዋል?

ግብዣው፣ ጭፈራው፣ ምርቃቱ አለፈ። ሙሽራዋ አስካለ ነጭ ቬሎዋን ለብሳ የወላጆቿን፣ በመጨረሻም የአያቷን የአባባ ደስታን ጉልበት ሳመች። አባባ ደስታ የሰፈሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ በበትራቸው ተደግፈው የቆሙ። አስካለ የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ናት፤ እሳቸው ናቸው ያሳደጓት። እንባቸውን ላለማሳየት ወደ ገደሉ ማዶ ይመለከቱ ነበር።

ተነሳን። ሙሽሮቹ ከኋላ፣ እኔና ሚዜው ከፊት። አጃቢው በግራና በቀኝ እያጨበጨበ ተከተለን። ደርባባዋ የመጀመሪያውን ዳገት ደህና ጀመረች። ግማሽ ላይ ስንደርስ ግን ድምጿ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ሞተሩ ጸጥ አለ። አባዬ ፍሬን ረገጠ፤ አንድ ሰው ሮጦ ከጎማው ሥር ታኮ ድንጋይ አስገባልን። ሚዜው ወረደ። ተሞከረ፤ እንቢ አለች። ጋሼ ሽመልስ በሱፉ ወርዶ ገፋ። እንቢ አለች። ጭብጨባው ቀስ በቀስ ሞተ። ከአጃቢው መሐል “ሙሽራይቱ በእግሯ ልትወጣ ነው?” የሚል ድምፅ ሰማሁ። አባዬ መኪናዋን በፍሬን እየያዘ፣ ቀስ እያለ፣ ወደ ተነሳንበት ሜዳ መለሳት። ልቤ ከእሷ ጋር አብሮ ወረደ።

አባዬ ከመኪናው ወጣና መሬት መሬት እያየ ተናገረ። “ጉልበት ያላት በኋላ ማርሽ ነው። ብናዞራትና የኋሊት ብትሄድ ትወጣለች።”

 ከዚያ የሙሽራዋ አክስት ጮኹ። “ሙሽራ የኋሊት! በሠርጓ ቀን! ኧረ ገደ ቢስ ነው፣ በሉ ተዉ!” ሴቶቹ ተንጫጩ። የወንዱ ወገን አንገቱን ደፋ። እማዬ ወደ አባዬ ተጠግታ “በቃ፣ ተወው። ልጅቷ በእግሯ ትውጣ” አለችው፤ ይህን ስትል የድል ድምፅ አልነበራትም። አባዬ ቁልፉን ከመኪናው ነቅሎ በመዳፉ ይዞት ቆመ። ያ ነጋዴና የዶሮ ቤቱ ታየኝ። አፌን በቀለበት መያዣዋ ትራስ አፍኜ አለቀስኩ።

ያን ጊዜ አስካለ ከመኪናው ውስጥ ተናገረች። ሙሽራ በዚያ ቀን አንገቷን ደፍታ ትቀመጣለች እንጂ አትናገርም፤ ስለዚህ ሁሉም ዞር አለ።

“አባባ፣ የኋሊት ከወጣሁ እኮ እርስዎን እያየሁ ነው የምሄደው” አለች።

አባባ ደስታ ዓይናቸውን ከገደሉ መልሰው አዩዋት። ከዚያ በበትራቸው ወደ ተራራው ጫፍ፣ ድሮ ቤተ መንግሥቱ ወደነበረበት አመለከቱ።

“አያቴ እዚያ ግቢ ይገባ ነበር። ከንጉሥ ፊት የሚወጣ ሰው ጀርባውን አይሰጥም። እጅ ነስቶ የኋሊት ነው የሚወጣ። እናንተ ገደ ቢስ ትሉታላችሁ፤ ይህ የክብር አወጣጥ ነው። እስከ ዛሬ ከዚህ ቤት የወጣች ሙሽራ ሁሉ ጀርባዋን ሰጥታን ነው የሄደች። የኔ ልጅ ፊቷን ሰጥታኝ ትሂድ። አቶ ጌታሁን፣ አዙርና አስነሳ!”

አክስትየዋ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። አባዬ ሁለቴ አላስባለም፤ ሜዳው ላይ አዙሮ አፏን ወደ ቤቱ፣ ጀርባዋን ወደ አቀበቱ አደረገ። አሁን ግን ሌላ ጣጣ መጣ። ሙሽሮቹና ቬሎው የኋላውን መስኮት ስለሞሉት አባዬ መንገዱ አይታየውም። በአንድ በኩል ደግሞ ገደል ነው። ሚዜው ልምራህ ብሎ ብቅ ሲል እማዬ በክርኗ ገፋ አደረገችው። ጫማዋን አውልቃ ለአንዷ ሰጠች፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። “ወንድሜን ገደል እንዲከትብኝ አልፈልግም” አለችና ከመኪናው በላይ፣ መንገዱ መሐል ቆመች።

“ና! ና! ግራ ስበር! አልኩህ ግራ! እሱ ነው፣ ቀጥ በል! ና!”

አባዬ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ እሷን ብቻ ያያል። እሷ ፊቷን ወደ መኪናው አድርጋ በባዶ እግሯ የኋሊት ትወጣለች። ደርባባዋም የኋሊት ትወጣለች። እንዲያ ያለ የሠርግ ጉዞ ማንም አላየም። ደርባባዋ እያቃሰተች፣ ግን ሳትቆም፣ ጠጠሩን እየረገጠች ወጣች። እኔ ከፊት መስኮት ወደ ታች ስመለከት አባባ ደስታ በትራቸውን ወደ ላይ አንስተው ቆመዋል። ከኋላዬ አስካለ እጇን እያውለበለበች ታያቸዋለች። ቤቱ፣ የቤቱ በር፣ በሩ ላይ የቆሙት እናቷ፣ አጥሩ፣ ሁሉም ከፊቷ ሳይጠፋ ቀስ እያለ ያንሳል። እያለቀሰች ትስቅ ነበር። አጃቢው እንደገና ማጨብጨብ ጀመረ።

አፋፉ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው፣ ከመጨረሻው ጠመዝማዛ ላይ፣ ደርባባዋ ትንፋሽ አጠራት። ከሞተሩ እንፋሎት ተነሳ። ድምጿ ያንኑ የመጀመሪያውን መቅጠን ጀመረ። ጭብጨባው ቆመ፤ ሚዜው ታኮውን ታቅፎ አጎነበሰ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። የእማዬ ድምፅ ያንን ገደል ሁሉ ሞላው።

“ደርባባ! ነይ! ነይ የኔ እመቤት! አታሳፍሪኝ ደርባባዬ፣ ነይ!”

በስሟ ጠራቻት። ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሟ ጠራቻት። አባዬ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረገጠ፤ ደርባባዋ አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠችና ጎማዋ ጠጠሩን በትኖ፣ ሙሽራዋን፣ ሙሽራውን፣ እኔንና የተሰካላትን አበባ ሁሉ ይዛ አፋፉ ላይ ወጣች።

እልልታው! እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። የአውቶቡሱ ሹፌር ጡሩምባውን ነፋ፤ ከታች ከሜዳው የአባባ ደስታ ቤተሰብ መልሶ እልል አለ። ጋሼ ሽመልስ ከመኪናው ወርዶ የአባዬን ጉልበት ካልሳምኩ ብሎ ታገለ። አባዬ መሪውን እንደያዘ እንባው ይወርዳል። እማዬ ቀሚሷ በአቧራ ቀይ ሆኖ፣ ከአውቶቡሱ የውሃ ጀሪካን አስወርዳ መጣች። ለሰው አልሰጠችም። ሞተሩ በረድ እስኪል ጠብቃ በገዛ እጇ ራዲያተሩን ሞላችና ክዳኑን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

“ያ ሰውዬ ለዶሮዎቹ ሌላ ቤት ይፈልግ” አለች።

ደብረ ብርሃን ስንገባ ወሬው ቀድሞን ነበር። ልጆች ከኋላችን ሲሮጡ፣ አዋቂዎች ከየሱቁ ብቅ ብቅ ሲሉ፣ አባዬ እንደ ጀኔራል ቀጥ ብሎ ይነዳ ነበር። ከዚያ በኋላ የዚያ የአንኮበር ሰፈር ሰዎች ሴት ልጅ ሲድሩ መላክተኛ እየላኩ “ያቺን መኪና” ማስጠየቅ ልማድ አደረጉት። ገደ ቢስ ያሉት የአስካለ አክስት ለራሳቸው ልጅ በመጠየቅ የመጀመሪያዋ ነበሩ። አባዬም እየሳቀ ይሄድላቸዋል። እማዬም እየመራች ታወጣለች። ያ ቡናማ ብርድ ልብስ ከዚያ ወዲህ ጥያቄ ተነስቶበት አያውቅም።

አባዬ ካረፈ ዓመታት ሆኑት። አሁን መንገዱ አስፋልት ነው፤ አዳዲሶቹ መኪኖች ከኋላቸው ካሜራ አላቸው፣ ግድግዳ ሲጠጉ ይጮኻሉ። የእኛ ካሜራ እማዬ ነበረች። አጥንት እየቆረጠማት እንኳ በየምሽቱ እየወጣች ደርባባዋን የምታለብሳት እሷው ናት። የድሮ መኪና የሚወድዱ ሰዎች ማኅበር አቋቁመው ይሰበሰባሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ድረስ ሊገዛት መጥቶ ነበር። እማዬ ምሳ አብልታ፣ መርቃ፣ ባዶ እጁን ሸኘችው። “ልጅ አልሸጥም” አለችው።

ባለፈው እሑድ ያ ማኅበር ደብረ ብርሃን መጥቶ ነበር፤ ወደ አንኮበር ሊወርዱ። በደጃችን ላይ ቮልሶች፣ አሮጌ ጂፖች፣ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡ የቤት መኪኖች ታጥበው፣ ተሰልፈው ቆሙ። ከተማው ሁሉ ስልኩን ይዞ ወጣ። ጋሼ ሽመልስና አስካለ ሽበታቸውን አበጥረው የኋላው ወንበር ላይ፣ በያኔው ቦታቸው ተቀምጠዋል። አንድ ወጣት የማኅበሩ አባል ካሜራውን ደግኖ “እትዬ፣ ፊቷ እንዲታይ አዙሯትና በፊቷ ትውጣ” አለኝ። አሁንማ ትችላለች፤ ሞተሯ ታድሷል፣ ደጃችንም ሜዳ ነው።

“አይ፣ እንደዚሁ ይሁን” አልኩት።

እማዬ በከዘራዋ ተደግፋ ግቢው መሐል ቆማ ነበር። የኋላ ማርሽ አስገባሁ። አንኮበርን ሁሉ ያስተጋባ የነበረው ድምጿ ዛሬ ቀጥኗል፤ እጇ ግን እንደያኔው ተነሳ። “ነይ! ግራ ስበሪ! ነይ የኔ ልጅ!” ስትል፣ ለእኔ ይሁን ለደርባባዋ አላወቅሁም፤ ሁለታችንም ታዘዝናት። ከዚያ ሁሉ መኪና የኋሊት የወጣችው የእኛ ብቻ ነበረች፣ ሕዝቡም ከዚያ ሁሉ መኪና እልል ያለው ለእሷ ነው። እኔ ግን ሕዝቡን አላየሁም። እስከ መታጠፊያው ድረስ ፊቴን ለእናቴ ሰጥቼ ሄድኩ።